ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝና የወሬ ሚዛን

ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ የሚጓዝ መንገደኛ ላንጋኖን በግራው፣ አብያታንና ሻላን በቀኙ እየተወ አርሲ ነገሌ ይገባል። በአርሲ አገር የ1878 ዓ.ም. የአዙሌ ጦርነት እስከ ዛሬ አልተረሳም። የቤተ መንግሥት ጸሐፊ ሲተርከው የራስ ዳርጌ ድል ነው፤ የአርሲ ሽማግሌ ሲተርከው ጦር የያዘ ሰው በጠመንጃ ፊት ያለቀበት ኀዘን ነው። የሆነው ነገር አንድ ሲሆን ለሰሚው የሚደርሰው ሁለት ነው።

በዚያው ዓመት፣ በሐምሌ ወር፣ ከዐድዋ አጠገብ ማይ ምሻም በተባለ ስፍራ የተወለዱ አንድ ሰው ይህን ችግር በብርቱ አስበውበታል። እኒህም ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው።

አባታቸው በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ከአፄ ዮሐንስ ጋር ወደቁ። ልጁ ወደ ምጽዋ ወርደው በስዊድን ሚሲዮን ተማሩ፤ ከዚያም መርከብ ውስጥ ተሸሽገው ባሕር እንደ ተሻገሩና የመርከቡ አዛዥ ለአንድ ሀብታም የኦስትሪያ ሰው አደራ እንደ ሰጣቸው ይነገራል። ጀርመንኛ ተምረው፣ በርሊን ሕክምና አጥንተው ተመለሱና በአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት አገለገሉ። ለጥቂት ጊዜም ወደ ሱዳን ተሰደዋል።

ጊዜው የሹክሹክታ ጊዜ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ታመው ተኝተዋል፤ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉም ሞታቸው ለሕዝብ አልተነገረም። እውነቱ በተሸሸገበት ስፍራ ሁሉ ወሬ ይነግሣል፤ እያንዳንዱም ሰው የሚመኘውን ወይም የሚፈራውን ያምናል።

አፄ ምኒልክ በሕይወት ሳሉ፣ በ1904 ዓ.ም. ገደማ፣ የገብረ ሕይወት ጽሑፍ «አፄ ምኒልክና ኢትዮጵያ» አሥመራ ታተመ። በመግቢያውም ታሪክ የሚጽፍ ሰው የሆነውን አስተውሎ ማየት፣ ለማንም ሳያዘነብል መመዘን፣ የመዘነውንም አንባቢን በማያደናግር አማርኛ ማቅረብ እንደሚገባው አስረዱ። የአገራችን ታሪክ ጸሐፊዎች ግን ከሦስቱ የራቁ መስሎ ታያቸው። ወሬ ለሚጽፈውም ለሚያነበውም መስፈርቱ ያው ነው፤ ነጋሪው በስፍራው ነበር ወይ? ነገሩ ቢታመንለት ምን ይጠቀማል?

ይህ መስፈርት አስቀድሞ የሚፈትነው ራሳቸውን ነበር። በአባታቸው የአፄ ዮሐንስ ሰው፣ በእንጀራቸው የአፄ ምኒልክ፣ በትምህርታቸው የአውሮፓ ናቸው። እንጀራ የበሉበትን መንግሥት መንቀፋቸው ድፍረት ነው። ከአውሮፓ የመጣውን ዕውቀት ሁሉ ብርሃን አድርገው ማየታቸው ግን፣ እኛ እንደምናየው፣ ሚዛናቸው ትንሽ ያዘነበለበት ነው።

በልጅ ኢያሱ ዘመን የባቡር ሐዲዱ ተቆጣጣሪ፣ ኋላም የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆኑ። የጉምሩክ ሹም ነጋዴው በሚናገረው አይረካም፤ ጭነቱን አስፈትቶ ያያል። እሳቸውም «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፋቸው ስለ ንግድ የሚወራውን እንዲሁ ፈተሹት። የውጭ ዕቃ መብዛቱ የብልጽግና ምልክት መስሎ ለሚታየው ሰው፣ ጥሬ ዕቃ ሰጥቶ የተሠራ ዕቃ የሚቀበል አገር ብዙ ድካሙን በጥቂት ድካም እየለወጠ እንደሚደኸይ አስረዱ።

በ1911 ዓ.ም.፣ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሳይሞላቸው ዐረፉ። ይህ መጽሐፋቸው አዲስ አበባ የታተመው በ1916 ዓ.ም. ነው።