ከበድር ቀርተው የበድርን ድርሻ ያገኙት፦ ባለቤታቸውን ያስታመሙት ዑስማን ኢብኑ ዐፋን (ረ.ዐ)



የሰይዲና ዑስማን ኢብኑ ዐፋን (ረ.ዐ) ስም ሲነሳ አብዛኞቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ልግስናቸውና ሐያአቸው ነው። ቁርኣንን በሙስሐፍ አስጽፈው ወደ ታላላቅ ከተሞች የላኩ ሦስተኛው ኸሊፋ መሆናቸውንም ከልጅነታችን ጀምሮ በመድረሳ ሰምተናል። እኔ ዛሬ ላነሳ የፈለግኩት ግን ከሕይወታቸው ብዙ ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚታለፈውን ክፍል ነው፤ የታመሙ ባለቤታቸውን ያስታመሙበትን ጊዜ። ዓሊም አይደለሁም። ይህን ታሪክ ደጋግሜ ያነበብኩት እኔም ራሴ በውጭ አገር የታመመች ባለቤቴን የማስታምም ሰው በመሆኔ ነው። በየጀማዓው እንደኔ ያለ ባልና ሚስት አይጠፋምና፣ ያነበብኩትን ላካፍላችሁ።

ከመካ ወደ ሐበሻ

ዑስማን ከቁረይሽ የበኑ ኡመያ ጎሳ ናቸው። ነጋዴ ነበሩ፤ በወገናቸውም ዘንድ የተከበሩና የተወደዱ ነበሩ። በአቡበክር (ረ.ዐ) ጥሪ ኢስላምን ሲቀበሉ አጎታቸው አል-ሐከም በገመድ አስሮ፣ አዲሱን እምነት ካልተዉ እንደማይፈታቸው ዛተባቸው። ጽናታቸውን ሲያይ ግን ለቀቃቸው።

ያገቡት የነብያችንን (ሰ.ዐ.ወ) እና የእናታችን ኸዲጃን (ረ.ዐ) ልጅ ሩቀያን (ረ.ዐ) ነው። ሩቀያ ቀደም ሲል ለአቡ ለሀብ ልጅ ለዑትባ ታስረው ነበር፤ ነገር ግን አብረው መኖር ሳይጀምሩ አቡ ለሀብ ለነብዩ ባለው ጥላቻ ልጁን አስገድዶ ኒካሑን አፈረሰው። አላህ የተሻለውን ተካላቸውና የዑስማን ባለቤት ሆኑ።

የመካ ስቃይ ሲበረታ፣ በ615 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያዎቹ ሙሃጂሮች ባሕር ተሻግረው ወደ ሐበሻ ሄዱ። ወንዶቹ ከአስር ጥቂት የሚበልጡ፣ ሴቶቹ አራት ወይም አምስት ነበሩ። ዑስማንና ሩቀያ ከነዚህ ውስጥ ናቸው። ፍትሐዊው ንጉሥ ነጃሺ ባስተዳደሩት ምድር በሰላም ተቀመጡ፤ ልጃቸው ዐብደላህም እዚያው እንደተወለደ ይነገራል። እኛ ሐበሾች ይህን ታሪክ የምንተርከው አብዛኛውን ጊዜ እንደ አስተናጋጅ ሆነን ነው። ዛሬ ግን እኛም ስደተኞች ነንና ከሌላው ወገን ሆነን ልናየው እንችላለን። ሁለት ወጣት ባልና ሚስት፣ ቋንቋውን በማያውቁት አገር፣ እናትም አክስትም በሌሉበት ልጅ ይወልዳሉ። አንዱ ለሌላው ባልም፣ ሚስትም፣ ወላጅም፣ ጎረቤትም ነው። ይህን የኖርን ሰዎች የሚፈጥረውን ትስስር እናውቀዋለን።

ከሐበሻ ወደ መካ ተመለሱ፤ ከዚያም በ622 ወደ መዲና ሁለተኛ ሂጅራ አደረጉ። በዚህ ጊዜ የሩቀያ እናት ኸዲጃ (ረ.ዐ) በሕይወት አልነበሩም።

የበድር ረመዷን

በሁለተኛው ዓመተ ሂጅራ የረመዷን ጾም ግዴታ ሆነ። ሙስሊሞች የመጀመሪያውን ረመዷናቸውን በሚጾሙበት በዚያው ወር፣ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከ300 ጥቂት የሚበልጡ ሶሓቦችን ይዘው ከመዲና ወጡ። ጉዞው ረመዷን 17 ቀን፣ በ624 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የበድር ዘመቻ አበቃ። በዚያች ቀን በድር ላይ የተገኙ ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን በዚያ ይታወቁ ነበር፤ በድራዊ መሆን ከሶሓቦች መካከል ትልቁ ማዕረግ ነበር።

ዑስማን አልነበሩም። ሩቀያ ጠንቶባቸው ነበር። ዘጋቢዎች ሕመማቸውን ሐስባ ይሉታል፤ ሽፍታ የሚያወጣ ትኩሳት፣ በእኛ ቋንቋ ኩፍኝ ከምንለው ጋር የሚቀራረብ ነው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዑስማንን እቤት ቀርተው ባለቤታቸውን እንዲያስታምሙ አዘዟቸው። እዚህ ላይ ልብ እንበል፦ ዑስማን ፈቃድ ለምነው የቀሩ አይደሉም፤ ቦታቸው ከታማሚዋ አልጋ አጠገብ መሆኑ የተወሰነላቸው ናቸው።

ብቻቸውንም አልተተዉም። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚዘግቡት ኡሳማ ኢብኑ ዘይድ (ረ.ዐ) አብረዋቸው እንዲቀሩ ተደርጓል። ኡሳማ ያኔ ለጦርነት ያልደረሱ ልጅ ነበሩ፤ የነብዩ ቤት ልጅ፣ እናታቸውም ኡሙ አይመን ከሐበሻ የሆኑት በረካ ናቸው። ውሃ የሚያቀርብ፣ የሚላክ፣ አስታማሚው ሲደክመው ከጎኑ የሚሆን ሰው አለ ማለት ነው። ለአንድ ሕመምተኛ ቤት አንድ አስታማሚና አንድ ረዳት። ሠራዊቱ እያንዳንዱን እጅ በሚፈልግበት ሰዓት ሁለት ሰው ለአንዲት የታመመች ሴት ተመደበ።

ሩቀያ ከሕመማቸው አልዳኑም። የድሉን ብሥራት ይዘው ወደ መዲና የመጡት የኡሳማ አባት ዘይድ ኢብኑ ሓሪሳ (ረ.ዐ) ነበሩ። ኡሳማ ወሬውን የሰሙት በሩቀያ መቃብር ላይ አፈር እያስተካከሉ ሳለ እንደሆነ ተርከዋል። ከተማው በደስታ ሲነቃነቅ ዑስማን ባለቤታቸውን እየቀበሩ ነበር።

የቀሪው ድርሻ

ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከበድር ሲመለሱ ለዑስማን ልክ እንደ ዘመተ ሰው ከምርኮው ድርሻ ሰጧቸው፤ የበድር ተሳታፊ አጅርም እንዳላቸው ነገሯቸው። በዚያ ቀን ሳይዋጉ ድርሻ ያገኙ ሌሎችም ነበሩ። አቡ ሉባባ መዲናን እንዲጠብቁ ከመንገድ የተመለሱ ናቸው። ጦልሓና ሰዒድ ኢብኑ ዘይድም፣ በብዙ ዘገባዎች እንደተጠቀሰው፣ የቁረይሽን ቅፍለት ወሬ እንዲያጣሩ ተልከው ነበር። የዑስማን ስም የተቆጠረው ከነዚህ ጋር ነው። ከተማ መጠበቅና ወሬ ማጣራት ግዳጅ እንደሆኑ ሁሉ፣ ሚስት ማስታመምም ግዳጅ ተብሎ ተመዘገበ።

ቢሆንም ሰው መናገሩ አልቀረም። ከዓመታት በኋላ አንድ የግብፅ ሰው ለሐጅ መጥቶ ዐብደላህ ኢብኑ ዑመርን (ረ.ዐ) አገኘና ዑስማን ከበድር መቅረታቸውን እንደ ነውር አነሳ። ከኡሑድ መሸሻቸውንና ከሪድዋን ቃል ኪዳን አለመገኘታቸውንም ጨመረ። ኢብኑ ዑመር በትዕግሥት አንድ በአንድ አስረዱት። የኡሑዱን አላህ ይቅር ብሎታል። በሪድዋን ጊዜ ወደ መካ የተላኩት ራሳቸው ዑስማን ስለነበሩ፣ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) የገዛ እጃቸውን በዑስማን እጅ ፋንታ አድርገው ቃል ገብተውላቸዋል። ከበድር የቀሩት ደግሞ የነብዩ ልጅ የሆኑት ባለቤታቸው ታመው ነው፤ ድርሻቸውም አጅራቸውም ተሰጥቷቸዋል። ሰውየው ይህን መልስ ይዞ እንዲሄድ አደረጉት።

እኚሁ ኢብኑ ዑመር በሌላ ጊዜ፣ በጁሙዓ ቀን፣ ሰዒድ ኢብኑ ዘይድ መታመማቸውን ሰምተው ወደ እሳቸው እንደሄዱና ጁሙዓውን እንደተዉ በሶሒሕ ዘገባ ተላልፏል። ፉቀሃዎችም ትቶት ቢሄድ የሚጎዳ ሕመምተኛ ያለበት ሰው ከጁሙዓና ከጀማዓ ሶላት ለመቅረት ዑዝር እንዳለው ጽፈዋል። ዝርዝሩን ከየአካባቢያችሁ ዑለማ ጠይቁ።

ለምን ይህ ታሪክ ነካኝ?

ባለቤቴ የኩላሊት እጥበት ከጀመረች አራተኛ ዓመቷን ይዛለች። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየጊዜው አራት ሰዓት ያህል ከማሽኑ ጋር ትቆያለች። ከዚያ ስትመለስ አቅም አይኖራትም። የምትጠጣው ውሃ በልክ ነው፤ ድንች፣ ቲማቲምና ሙዝ ፖታሲየም ስለሚበዛባቸው በጥንቃቄ ነው። ተምርም እንደዚሁ፤ በረመዷን ማዕዳችን ላይ ተምር ሲቀርብ እሷ ታየዋለች እንጂ እንደ ድሮው አትበላም። ወጥ መሥራትን፣ መድኃኒት መቁጠርንና ሽንት ቤት ደግፎ ማድረስን የተማርኩት በዚህ ጊዜ ነው።

በረመዷን ተራዊሕ ላይ ስጠፋ አንድ ወንድም ዱንያ እንዳሸነፈችኝ በሰዎች ፊት ተናገረኝ። ቤት ያለውን አያውቅም ነበር። ባልዋን የምታስታምም አንዲት እህትም ሠርግና ለቅሶ ላይ በመቅረቷ እንደታማች ነግራኛለች። ለኛ ዓይነት ሰው ድካሙ አንድ ነገር ነው፤ ከሁሉም መልካም ነገር የቀረን መስሎ መታየቱ ደግሞ ሌላ ነው። የሰይዲና ዑስማን ታሪክ ልቤን ያሳረፈው እዚህ ላይ ነው። እሳቸውም የቀሩት በረመዷን ነበር፤ የቀሩትም ከበድር ነው።

ኡሳማንም አላህ አላሳጣኝም። የጀማዓችን አንዲት እህት ሐሙስ ከሰዓት መጥታ ከባለቤቴ ጋር ትጫወታለች፤ ወንድ ልጅዋ ደግሞ አስቤዛ ያመጣልናል። በነዚያ ሁለት ሰዓታት እተኛለሁ። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ሳምንቱን የሚያሻግረኝ ግን እሱ ነው።

ሕጉም የሚሰጠን ድጋፍ አለ

በየአገሩ ለአስታማሚ የተደነገገ ነገር ስላለ መብታችንን እንወቅ። በአሜሪካ ከ1993 ጀምሮ የሚሠራ ሕግ አለ፤ 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለው ድርጅት ቢያንስ 12 ወር እና 1,250 ሰዓት የሠራ ሰው፣ በጽኑ የታመመ የትዳር ጓደኛን፣ ወላጅን ወይም ልጅን ለማስታመም በዓመት እስከ 12 ሳምንት ያለ ደመወዝ፣ ሥራውን ሳያጣ መቅረት ይችላል። ፈቃዱን በአንድ ጊዜ መጨረስ ግድ አይደለም፤ ሕክምናው የሚጠይቅ ከሆነ በቀንና በሰዓት ከፋፍሎ መውሰድ ይቻላል። ካሊፎርኒያንና ኒው ጀርሲን የመሳሰሉ ግዛቶች ለዚህ ጊዜ ከፊል ክፍያም አላቸው። በብሪታንያ ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ ሠራተኛ በዓመት አንድ ሳምንት ያለ ክፍያ የማስታመሚያ ፈቃድ አለው፤ የአካባቢው ካውንስልም የአስታማሚውን የራሱን ችግር እንዲገመግም መጠየቅ ይቻላል። በጀርመን የእንክብካቤ ደረጃው 2 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሕመምተኛ፣ ቤተሰብ ቤት ውስጥ ሲያስታምመው በየወሩ ገንዘብ ይከፈላል።

ከየት ልጀምር ለሚል ሰው መልሱ ቀላል ነው፦ ሆስፒታሉ ውስጥ ሶሻል ወርከር አለ ወይ ብሎ መጠየቅ። ቅጹን የሚሞላው፣ የቤት ለቤት ረዳት የሚያፈላልገውና አስተርጓሚ የሚያስጠራው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ልጆቻችንን ስለ እናታቸው ከባድ ሕመም እንዲያስተረጉሙ አናድርጋቸው።

በዐረብ አገር ላሉ ብዙ ወገኖቻችን ይህ ሁሉ የለም። እዚያ ኡሳማ የሚሆነው ጀማዓው ብቻ ነው። የትም ብንሆን ደግሞ ምን ላግዝ ብሎ ከመጠየቅ ቀን ቆርጦ መምጣት ይሻላል። አስታማሚ ለመጠየቅ ያፍራል፤ ማክሰኞ እራት ይዤ እመጣለሁ ላለው ሰው ግን በሩን ይከፍታል።

ከሩቀያ በኋላ

ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሦስተኛው ዓመተ ሂጅራ ሌላዋን ልጃቸውን ኡሙ ኩልሱምን (ረ.ዐ) ለዑስማን ዳሩላቸው። ዙን-ኑረይን፣ የሁለት ብርሃኖች ባለቤት፣ የተባሉት በዚህ ነው። አንድ አባት የመጀመሪያ ልጁ በሕመሟ ጊዜ እንዴት እንደተያዘች ካላመነበት ሁለተኛዋን ለዚያው ሰው አይሰጥም። ኡሙ ኩልሱምም በዘጠነኛው ዓመት ዐረፉ፤ በሐበሻ የተወለደው ዐብደላህም በልጅነቱ ሞቶ ነበር። ዑስማን ደጋግመው የቀበሩ ሰው ናቸው። በዚያው ሁሉ መካከል የሩማን የውሃ ጉድጓድ ገዝተው ለሙስሊሞች ሰጡ፣ የተቡክን ሠራዊት አስታጠቁ፣ በ644 ኸሊፋ ሆኑ።

በ656 አማፅያን ቤታቸውን ከበው ገብተው ሲገድሏቸው ከጎናቸው የነበሩት ባለቤታቸው ናኢላ ነበሩ። ሰይፉን በእጃቸው ሊከላከሉ ሲሉ ጣቶቻቸው ተቆረጡ። ሚስታቸውን ሳይተዉ የቀሩት ሰው፣ በመጨረሻው ሰዓት ሚስታቸው ሳይተዉአቸው ቀሩ።

አላህ (ሱ.ወ) ለታመሙት ሁሉ ሺፋ ይስጥ፤ ለሚያስታምሙት ሶብርና ብርታት፣ አጋዥም ሰው ይላክላቸው። በቤት የቀሩትን ከሚያውቋቸው ውስጥ ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።