ጉድጓዱና እብጠቱ፤ የአልብሬኽት ፎን ግሬፌ ሕይወትና ሥራ

ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ከምትገኘው ከደጋን ተነሥቶ፣ የሐረጎን አቀበት ወጥቶና ደሴን አልፎ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የሚደርስ አረጋዊ፣ ብርሃኑን የጋረደበት የዓይን ሞራ እንደ ሆነ ተስፋ አድርጎ ይመጣል። ሞራ ይገፈፋልና። በብሌኑ በኩል ወደ ውስጥ የሚመለከተው ሐኪም የዓይን ነርቭን ራስ እንደ ሲኒ ጎድጉዶ ካገኘው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ግላኮማ የወሰደውን ብርሃን የሚመልስ መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ ለሐኪሙ የሚቀርለት ሥራ ገና ያልተወሰደውን ማዳን ነው። ግፊትን ዝቅ በማድረግ ብርሃንን የማትረፍ ጥበብ በአመዛኙ የሚያያዘው በአርባ ሁለት ዓመቱ ከሞተ አንድ የበርሊን ሐኪም ስም ጋር ነው። የሚያስደንቀው ደግሞ ይኸው ሰው ጉድጓዱን መጀመሪያ ባየ ጊዜ እብጠት ነው ብሎ መጻፉ ነው።

አልብሬኽት ፎን ግሬፌ እ.ኤ.አ. ግንቦት 22 ቀን 1828 በበርሊን ተወለደ። አባቱ ካርል ፈርዲናንድ በፕሩሲያ ስመ ጥር ከነበሩት የቀዶ ሕክምና ሊቃውንት አንዱ ነበር። አባቱ በ1840 ሲሞት ልጁ ገና የአሥራ ሁለት ዓመት ብላቴና ነበር። ሆኖም በትምህርቱ ፈጥኖ፣ በ1847፣ ገና በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ የሕክምና ዶክተር ለመሆን በቃ። ከዚያም የዘመኑ ልማድ እንደ ነበረው ዕውቀት ፍለጋ ከአገር አገር ተጓዘ። በፕራግ ያገኘው መምህር ፈርዲናንድ አርልት ልቡን ወደ ዓይን ሕክምና ሳበው። በፓሪስ፣ በቪየናና በለንደን የነበሩትንም ታላላቅ የዓይን ሐኪሞች እየተዘዋወረ ተመለከተ። በለንደን ከእንግሊዛዊው ዊልያም ቦውማንና ከሆላንዳዊው ፍራንስ ዶንደርስ ጋር የመሠረተው ወዳጅነት እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ጸና።

ወደ በርሊን የተመለሰበት ጊዜ ለዓይን ሕክምና እንደ አዲስ ዘመን መባቻ ነበር። ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ ኦፍታልሞስኮፕ የተባለውን የዓይን ውስጥ መመልከቻ በ1850 መጨረሻ አሳውቆ በ1851 ስለ እርሱ መጽሐፍ አሳተመ። ከዚያ በፊት ሐኪሙ በሕያው ሰው ዓይን ውስጥ የነርቩን ራስ ለማየት አይችልም ነበር። ግሬፌ በዚያው በ1851 የራሱን የዓይን ክሊኒክ ከፈተ። መክፈል የማይችለውን ድሃ በነጻ ያክም ስለ ነበር ደጁ በሕሙማን ተጨናነቀ፤ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ወጣት ሐኪሞችም ከእግሩ ሥር ተሰበሰቡ። በ1854 የመሠረተው የዓይን ሕክምና መጽሔት ዛሬም ስሙን ይዞ ይታተማል።

በዚያ ዘመን ግላኮማ ተስፋ ከማይጣልባቸው ደዌዎች ተቆጥሮ ነበር። የታመመው ዓይን በጣት ሲዳሰስ እንደ ድንጋይ እንደሚጠጥር የታወቀ ቢሆንም፣ ጥጥረቱ መንስኤ ይሁን ውጤት አልተለየም ነበር። ግሬፌ በአዲሱ መሣሪያ የግላኮማን ሕሙማን ዓይን ሲመለከት የነርቩ ራስ ወደ ፊት ያበጠ መሰለው፤ እንደዚያም ብሎ ጻፈ። በአንድ ዓይን ብቻ የሚያየው ሐኪም ጥልቀትን ለመለየት ስለሚቸገር፣ በቪየና የነበረው ኤድዋርድ የገርም በዚሁ ስሕተት ተሳስቶ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግን አዶልፍ ቬበር የጥንቸልን ዓይን በመመርመር የእይታውን አታላይነት አስገነዘበ። ግሬፌ ያን ጊዜ ስመ ጥር ሆኖ ነበር፤ የጻፈውን ለመከላከል አቅሙም መድረኩም ነበረው። እርሱ ግን ነገሩን እንደገና መርምሮ፣ እብጠት ያለው ጉድጓድ መሆኑን በራሱ መጽሔት አስታወቀ። ሃይንሪኽ ሙለርም የሞቱ ሰዎችን ዓይን በአጉሊ መነጽር መርምሮ የነርቩ ራስ ወደ ኋላ መጎድጎዱን አረጋገጠ።

ከዚህ እርማት ትልቅ ነገር ተወለደ። ነርቩ ወደ ኋላ ከተገፋ የሚገፋው ኃይል በዓይኑ ውስጥ አለ ማለት ነው፤ እንግዲያው የሕክምናው ዓላማ ግፊቱን መቀነስ ነው። ግሬፌ በሌሎች የዓይን በሽታዎች ምክንያት ከአይሪስ ጥቂት ቆርጦ ሲያወጣ ዓይኑ እንደሚለሰልስ አስተውሎ ነበር። ይህንኑ ቀዶ ሕክምና በ1856 በግላኮማ ሕሙማን ላይ ሞከረው፤ በ1857 ውጤቱን አሳትሞ በብራስልስ ለተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የዓይን ሐኪሞች ጉባኤ አቀረበው። ድንገት በብርቱ ሕመምና በማስታወክ ይጀምር የነበረው ግላኮማ፣ ብርሃንን በቀናት ውስጥ የሚያጠፋው ያ ደዌ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታከም ሆነ። የቀዶው ምሥጢር በትክክል የታወቀው እርሱ ከሞተ በኋላ ነው፤ ከአይሪስ በስተጀርባ የታገደው ፈሳሽ በተከፈተው ቀዳዳ ስለሚያልፍ ነው። ዛሬ በሌዘር የሚበሳው ትንሽ ቀዳዳ የዚያ ሥራ የልጅ ልጅ ነው።

ሆኖም አንድ እንቆቅልሽ ቀርቶ ነበር። የአንዳንድ ሕሙማን ነርቭ ጎድጉዶ ሳለ ዓይናቸው በጣት ሲዳሰስ አልጠጠረም። ግሬፌ ይህን ከግላኮማ የተለየ በሽታ አድርጎ አስቀመጠው፤ ዶንደርስ ግን ቀላል ግላኮማ ብሎ ከዚያው ቤተሰብ ደመረው፤ ግሬፌም ኋላ የወዳጁን ሐሳብ ተቀበለ። ግሬፌ ሌላም ነገር አየ። በ1860 በአንጎላቸው ውስጥ ዕጢ የነበረባቸውን ሕሙማን ሲመረምር የነርቩን ራስ በእውነት አብጦ አገኘው። ምክንያቱን ከራስ ቅል የሚመለሰው ደም መታገድ አድርጎ ገመተ። ይህ ግምት ኋላ ተተካ፤ አንጎልን የሚከበው ፈሳሽ በነርቩ ሽፋን ውስጥ እስከ ዓይን ድረስ እንደሚዘልቅ ታውቆ፣ የራስ ቅል ግፊት በዚያ መንገድ ነርቩን እንደሚያሳብጥ ተገለጠ።

ጉድጓዱና እብጠቱ በአንድ ሥፍራ ይገናኛሉ። ነርቩ ከዓይን የሚወጣው እንደ ወንፊት በተበሳሳ ስስ ሰሌዳ በኩል ነው። ከሰሌዳው ፊት ለፊት የዓይን ግፊት አለ፤ በጤነኛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይሆናል። ከሰሌዳው በስተጀርባ ደግሞ ከራስ ቅል የመጣው ፈሳሽ ግፊት አለ። የኋላው ሲበረታ ነርቩ ያብጣል። የፊቱ ከኋላው እጅግ ሲበልጥ ሰሌዳው ወደ ኋላ ይጎብጣል የሚል ሐሳብም አለ። በ2008 በአሜሪካና በ2010 በቤይጂንግ የታተሙ ጥናቶች፣ የዓይን ግፊታቸው ሳይጨምር ግላኮማ በያዛቸው ሕሙማን የአንጎል ፈሳሽ ግፊት ከሌሎቹ ዝቅ ብሎ እንደ ተገኘ ገልጸዋል። ከወገብ የሚለካው ግፊት በነርቩ ሽፋን ውስጥ ካለው ጋር አንድ ላይሆን ስለሚችል፣ ጉዳዩ ገና አላበቃለትም። በሕክምና የተረጋገጠው እስካሁን ግሬፌ የጀመረው፣ የዓይንን ግፊት መቀነስ ብቻ ነው።

ግሬፌ ራሱ ዕረፍት አላገኘም። በ1862 አና ክኑት የምትባል የዴንማርክ መኳንንት ልጅ አገባ፤ ነገር ግን ሳንባው በነቀርሳ ተይዞ ነበር። በሞራ ቀዶ ሕክምና ላይ ቁስሉን የሚያሳንስ አዲስ ስልት አወጣ፤ በ1866 ሙሉ ፕሮፌሰር ሆነ። ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ባረፉበት በ1868 የሻሪቴ ሆስፒታል የዓይን ክፍል ኃላፊነት ተሰጠው። ሁለት ዓመት ብቻ ቆየ። ፈረንሳይ በፕሩሲያ ላይ ጦርነት ባወጀች ማግስት፣ ሐምሌ 20 ቀን 1870፣ አረፈ። በ1882 በሻሪቴ አጠገብ ሐውልት ቆመለት።

በኢትዮጵያ በ2005 እና በ2006 የተደረገው ብሔራዊ ጥናት ለዓይነ ሥውርነት ዋናው ምክንያት ሞራ መሆኑን አሳይቷል፤ ግማሽ ያህሉን ይይዛል። ግላኮማ 5.2 በመቶውን ይዟል። ቁጥሩ ቢያንስም የሚመለስ ብርሃን የለበትምና ሸክሙ ከባድ ነው። ስለዚህ ግሬፌ ለሙያ ባልደረቦቹ የተወው ውርስ ከመቀሱ ይልቅ ደግሞ የማየት ልማዱ ነው። የግፊት መለኪያው ደህና ነው ባለ ጊዜም ነርቩን ማየት ይገባል፤ ነርቩ አብጦ ከተገኘ ደግሞ ሕመምተኛውን በዓይን ጠብታ ከማሰናበት በፊት ስለ ራስ ቅሉ ማሰብ ይገባል። ከደጋን የመጣው አረጋዊ ዘግይቶ ሊሆን ይችላል። ግላኮማ በቤተሰብ የሚወረድበት ጊዜ ብዙ ነውና፣ እጁን ይዞ የመራው ልጅ ግን ከበሩ ሳይመለስ እርሱም ወንበሩ ላይ ሊቀመጥና ዓይኑ ሊታይ ይገባል።