ከጅሬን ኮረብታ ግርጌ፦ ዳግማዊ አባ ጅፋርና የሂርማታ የነጋዴዎች መንደር

የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር ሲነሡ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሱት ከሁለት ሜትር የሚያልፈው ቁመታቸውና በጅሬን ኮረብታ ላይ የቆመው ቤተ መንግሥታቸው ናቸው። ይህ አጭር ጽሑፍ ግን የንጉሡን ሕይወት ከኮረብታው ግርጌ፣ ከሂርማታ ገበያና ገበያውን ተጠግቶ ከኖረው የነጋዴዎች መንደር አንጻር ይመለከታል። የጽሑፉ መከራከሪያ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የዘለቀው አገዛዛቸው ከጸናባቸው ምሰሶዎች አንዱ እንግዳ ነጋዴን አስጠግቶ ማኖር ነበር የሚል ነው። ይሁን እንጂ የዚያ ጥበቃ ወሰን ካልተመረመረ የንጉሡ ታሪክ ጎደሎ ይሆናል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

አባ ጅፋር በ1861 ገደማ ከንጉሥ አባ ጎሞልና ከንግሥት ጉሚቲ ተወለዱ። አባታቸው ሲሞቱ በ1878፣ ገና በወጣትነታቸው ዙፋኑን ወረሱ። የወረሱት መንግሥት ከአምስቱ የጊቤ የኦሮሞ መንግሥታት አንዱ ነበር፤ ሌሎቹ ሊሙ፣ ጎማ፣ ጉማና ጌራ ናቸው። ቀደም ሲል የአካባቢው ዋና ገበያ የሊሙው ሳቃ ነበር። በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ግን የበላይነቱ ወደ ጅማው ሂርማታ ተሸጋገረ።

ወጣቱ ንጉሥ የመጀመሪያው ከባድ ፈተና የገጠማቸው ከእምባቦ ጦርነት በኋላ ነው። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በ1882 የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል ካደረጉ በኋላ የጊቤ አገሮች በሸዋ ተጽዕኖ ሥር ወደቁ። አባ ጅፋር የእናታቸውን የጉሚቲን ምክር ተቀብለው ያለ ውጊያ ለመገበር ተስማሙ። ጎረቤቶቻቸውም እንዲሁ እንዲያደርጉ ቢመክሩ ሰሚ አላገኙም። ውሎ አድሮም በ1889 በኩሎ፣ በ1894 በወላይታ፣ በ1897 ደግሞ በከፋ ላይ በተካሄዱት ዘመቻዎች ከምኒልክ ጎን ተሰለፉ። በምላሹ ጅማ የውስጥ አስተዳደሯን እንደያዘች ቀረች። የዙሪያው አገሮች በጦርነት ሲናጉ፣ ሰላም ያገኘችው ጅማ የቅፍለት ነጋዴዎች መናኸሪያ ሆነች።

የዓመቱ ግብር የሚከፈለው ግን ከሀብት ነው፤ ሀብቱም በአመዛኙ ከገበያው ይመነጭ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ በሚቆመው በሂርማታ ገበያ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ኮረሪማ፣ ማርና ቡና በአሞሌ ጨውና በማሪያ ቴሬዛ ብር ይሸጡና ይለወጡ ነበር። በአገሩ መግቢያ በሮች አባ ኬላ የሚባሉት ሹማምንት ገቢና ወጪውን ይቆጣጠሩ ነበር። በገበያው አጠገብ የሰፈረው የነጋዴዎች መንደር መንደራ ይባላል፤ ስያሜው ከአማርኛው መንደር ጋር ያለው ቅርበት ከሰሜን የመጡ ነጋዴዎችን አሻራ ይጠቁማል። ጀበርቲ የሚባሉት የሰሜን ሙስሊም ነጋዴዎች አፍቀላ ከሚባሉት የኦሮሞ ነጋዴዎች ጋር ይገናኙ ነበር። ኋላ ላይ ዓረቦች፣ ሕንዶች፣ ግሪኮችና አርመኖች ተጨመሩ። ንጉሡ ለነጋዴው የመንገድ ሰላም፣ ለሃይማኖት መምህራን ደግሞ መጠጊያ ይሰጡ ስለነበር ጅማ የእስልምና ትምህርት ማዕከልም ሆነች።

ይህ ሁኔታ በዓለም ላይ ስለ ስደተኛ ነጋዴዎች ሰፈር ከሚታወቀው ምሳሌ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። የእምባቦ ጦርነት በተካሄደበት በዚያው በ1882 የአሜሪካ መንግሥት የቻይና ሠራተኞች ወደ አገሩ እንዳይገቡ የሚከለክል ሕግ አወጣ። የሳን ፍራንሲስኮ ቻይናውያንን በአንድ ሰፈር ካሰባሰቧቸው ምክንያቶች መካከል የውጭው ጥላቻና ክልከላ ይገኙበታል። የሂርማታን መንደር ግን ያቆመው በአመዛኙ የገዥው ፍላጎት ነው። የእንግዳው ደኅንነትና የቤተ መንግሥቱ ገቢ በአንድ ገመድ የታሰሩ ነበሩ።

ይሁን እንጂ ጥበቃው ለሁሉም አልነበረም። ሂርማታ ሰዎች ለባርነት የሚሸጡበት ትልቅ ገበያም ነበር። ከደቡብና ከምዕራብ በዘመቻና በወረራ የተማረኩ ወንዶች፣ ሴቶችና ሕፃናት በዚሁ ገበያ እጅ ለእጅ ተላልፈዋል። ከፊሎቹ ወደ ሩቅ አገር ተነድተዋል፤ ከፊሎቹም በንጉሡና በባለጸጎች እርሻ ላይ ሠርተዋል። ኢትዮጵያ በ1923 የመንግሥታት ማኅበር አባል ከሆነች በኋላ ንግዱን የማስቆሙ ግፊት ቢበረታም ልማዱ በአንድ ጊዜ አልጠፋም። ስለዚህ አባ ጅፋርን እንግዳ ተቀባይ ብቻ አድርጎ ማወደስ፣ ወደ ሂርማታ በፈቃዳቸው ያልመጡትን ሰዎች ከታሪኩ መፋቅ ይሆናል። ለነጋዴው ከለላ የሆነው ያው ኬላ ለተማረከው ሰው የማይታለፍ አጥር ነበር።

የጅቡቲው ባቡር በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ የቡና ንግድ እየሰፋ ሄደ፤ ዛሬ በቡናቸው የሚታወቁት አጋሮና ሊሙ ገነትም የሚገኙት በቀድሞዎቹ በጎማና በሊሙ መንግሥታት ምድር ነው። አባ ጅፋር በስተእርጅና ሲደክሙ ሥልጣኑ በልጅ ልጃቸው በአባ ጆቢር እጅ ገባ። በ1932 ንጉሡ አረፉ፤ በዚያው ዓመት የጅማ ራስ ገዝነት አከተመ። ከ1936 ጀምሮም ኢጣሊያኖች በሂርማታ ሜዳ ላይ አዲስ ከተማ መሥራት ያዙ።

የጅሬን ቤተ መንግሥት ዛሬም ጎብኚ አያጣውም። የመንደራ ነዋሪዎች ያን የመሰለ ሐውልት ባይኖራቸውም፣ ሂርማታ መርካቶ፣ አዌቱ መንደራና መንደራ ቆጪ የሚባሉት የጅማ ቀበሌዎች ስማቸውን እንደያዙ አሉ። በገበያው ለተሸጡት ሰዎች ግን በእነዚህ ስሞች ውስጥ እንኳ ቦታ አልተገኘላቸውም። የጅማ ታሪክ ጥናት ከኮረብታው ወደ ገበያው ሲወርድ ሊፈልጋቸው የሚገባው በመጀመሪያ እነሱን ነው።