ከሮም እስከ ፓሪስ ያልተቋረጠው የሻምበል አበበ ቢቂላ አሻራ

በባዶ እግሩ ሮጦ የኦሎምፒክ ማራቶንን ያሸነፈው ሻምበል አበበ ቢቂላ ከዚህ ዓለም በሞት ከተለየ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል። የከፈተው ጎዳና ግን ዛሬም ከተተኪዎቹ እግር አልተለየም።

አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም ከደብረ ብርሃን ብዙም በማይርቀው የመንዲዳ አካባቢ፣ ጃቶ በተባለች መንደር ተወለደ። ስፍራው ወደ ሸዋ ሮቢትና ወደ ሞቃታማው የይፋት ቆላ ከመወረዱ በፊት የሚገኘው የሰሜን ሸዋ ብርዳማ ደጋ ነው። በእረኝነት ያደገው አበበ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ የክብር ዘበኛ ወታደር ሆነ። ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነንም ችሎታውን ተመልክተው ለታላቅ ውድድር አዘጋጁት።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ አበበ በሮም ጎዳናዎች ላይ በባዶ እግሩ ተሰለፈ። ፋሺስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ከወረረች ገና 25 ዓመት አልሞላም ነበር። የውድድሩ መስመርም ከኢትዮጵያ ተዘርፎ በተወሰደውና በ1997 ዓ.ም ወደ አገሩ በተመለሰው የአክሱም ሐውልት አጠገብ ያልፍ ነበር። አበበ ሞሮኳዊውን ራዲ ቤን አብደሰላምን በመጨረሻ ላይ ጥሎት በመሄድ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። በዚህም የኦሎምፒክ ወርቅ ሜዳሊያ ያጠለቀ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ሆነ።

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም በቶኪዮ ሁለተኛውን ወርቅ ያገኘው የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ጥቂት ሳምንታት በኋላ ነበር። ሁለተኛ የወጣውን እንግሊዛዊ ከ4 ደቂቃ በላይ ቀድሞ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ በመግባት፣ የኦሎምፒክ ማራቶንን በተከታታይ ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ለመሆን በቅቷል።

በ1961 ዓ.ም የሜክሲኮ ኦሎምፒክ ግን ጉዳት ስለነበረበት ሩጫውን ሳያጠናቅቅ ወጣ። በዚያው ዕለት የቡድን ጓደኛው ማሞ ወልዴ ወርቁን በመውሰድ ድሉ ከኢትዮጵያ እጅ እንዳይወጣ አደረገ። ጀግናው ባቆመበት ሌላው ሲቀጥል የታየው ያኔ ነው።

በዚያው ዓመት መጋቢት ወር በደረሰበት የመኪና አደጋ አበበ ሁለቱ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። በእንግሊዝ አገር ስቶክ ማንድቪል ሆስፒታል ለረጅም ጊዜ ቢታከምም ዳግመኛ መራመድ አልቻለም። ዓለም በእግሮቹ ያወቀው ሰው እግሮቹን ሲያጣ ከውድድር ግን አልራቀም። በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በእንግሊዝ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ። በ1963 ዓ.ም ደግሞ በኖርዌይ ለአካል ጉዳተኞች በተዘጋጀው የበረዶ ላይ መንሸራተቻ ጋሪ ውድድር አሸናፊ ሆነ። በ1964 ዓ.ም በሙኒክ ኦሎምፒክ የክብር እንግዳ ሆኖ ሲገኝ ተመልካቹ ከመቀመጫው ተነስቶ ተቀብሎታል። የሙኒክ ማራቶን የተካሄደው ከሮም ድል ልክ በ12ኛው ዓመት፣ ጳጉሜን 5 ቀን ሲሆን ማሞ ወልዴ የነሐስ ሜዳሊያ አግኝቷል።

አበበ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም በ41 ዓመቱ አረፈ። ንጉሠ ነገሥቱና እጅግ በርካታ ሕዝብ በተገኙበት በአዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ።

ከእርሱ በኋላ ምሩፅ ይፍጠር በ1972 ዓ.ም በሞስኮ የ5 ሺህና የ10 ሺህ ሜትር ወርቆችን ጠቅልሎ ወሰደ። ደራርቱ ቱሉ በባርሴሎና የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት የሆነችው ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም፣ አበበ በተወለደ ልክ በ60ኛው ዓመት ነው። በማራቶኑም ፋጡማ ሮባ በ1988 ዓ.ም በአትላንታ ስታሸንፍ፣ ገዛኸኝ አበራ በ1993 ዓ.ም በሲድኒ የወንዶቹን ድል ከማሞ 32 ዓመት በኋላ መለሰ። በ2002 ዓ.ም የሮም ማራቶን የአበበን ድል 50ኛ ዓመት ሲያስብ፣ ሲራጅ ገና የመጨረሻዎቹን ጥቂት መቶ ሜትሮች ጫማውን አውልቆ በመሮጥ አንደኛ ወጥቷል። ታምራት ቶላም በ2016 ዓ.ም በፓሪስ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን አሻሽሎ ወርቁን አጥልቋል።

ጫማው፣ አመጋገቡና የሥልጠናው ዘዴ ከአበበ ዘመን ወዲህ እጅግ ተለውጧል። ለወጣት አትሌቶች ያስተላለፈው ቅርስ ግን ከሰዓቱና ከሜዳሊያው ያልፋል። ኢትዮጵያዊ አትሌት በዓለም መድረክ ማሸነፍ እንደሚችል በሮም አሳየ፤ ማሸነፍ የለመደ ሰው መከራ ሲደርስበትም ለውድድር መቅረብ እንደማይተው ደግሞ በተሽከርካሪ ወንበሩ አስተማረ።