ጆን ስኖው፦ ኮሌራ ከውሃ እንደሚመጣ ያሳየው ሐኪም

የሚጠጡት ውሃ ከጉድጓድ ወይም ከእጅ ፓምፕ የሚቀዳ ከሆነ፣ የዚህ ሐኪም ታሪክ እርስዎንም ይመለከታል።

ጆን ስኖው በ1813 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር፣ ዮርክ ከተማ ከድሃ ቤተሰብ ተወለደ። በ14 ዓመቱ የሕክምና ሙያ መማር ጀመረ፤ ገና በወጣትነቱም የኮሌራ ሕሙማንን ረዳ። በኋላ ለንደን ውስጥ በማደንዘዣ ሕክምና ታወቀ። በ1853 ንግሥት ቪክቶሪያ ሲወልዱ ክሎሮፎርም የሰጣቸው እርሱ ነው።

በዚያ ዘመን አብዛኞቹ ሐኪሞች ኮሌራ የሚመጣው ከመጥፎ ሽታ እንደሆነ ያምኑ ነበር። ስኖው ግን ሕመሙ በተቅማጥና በትውከት እንደሚጀምር አስተውሎ፣ መንስኤው የሚዋጥ ነገር መሆን አለበት ብሎ በ1849 ጻፈ። የተቀበሉት ጥቂቶች ነበሩ።

በ1854 ነሐሴ መጨረሻ ሶሆ በተባለው የለንደን ሰፈር ወረርሽኝ ተነሣ፤ በ10 ቀናት ውስጥ ከ500 በላይ ሰዎች ሞቱ። ስኖው የሟቾችን ቤተሰቦች እየዞረ ጠየቀ። አብዛኞቹ ሟቾች በብሮድ ጎዳና ካለው ፓምፕ ይጠጡ ነበር። በአቅራቢያው ያለው የቢራ ፋብሪካ የራሱ ጉድጓድ ነበረው፤ ከሠራተኞቹ የሞተ አልነበረም። ጣዕሙን ወድደው ከዚያ ፓምፕ ውሃ የሚያስመጡ፣ ርቀው የሚኖሩ አንዲት ሴት ግን ሞቱ።

ስኖው መስከረም 7 ለአካባቢው ኃላፊዎች አስረዳ፤ በማግስቱ የፓምፑ እጀታ ተነቀለ። ወረርሽኙ ቀድሞም መቀነስ ጀምሮ ነበር። በኋላ ሄንሪ ዋይትሄድ የተባለ ቄስ ባደረገው ክትትል፣ የታመመ ሕፃን ጨርቅ የታጠበበት ውሃ ከጉድጓዱ 1 ሜትር ያህል ብቻ ወደሚርቅ የፍሳሽ ጉድጓድ ይደፋ እንደነበር ታወቀ። ፍሳሹም ወደ መጠጥ ውሃው ይሰርግ ነበር።

ስኖው ሐሳቡ ሰፊ ተቀባይነት ሳያገኝ በ1858፣ በ45 ዓመቱ አረፈ።

ጥርት ያለና የሚጣፍጥ ውሃም ሊገድል እንደሚችል ያስታውሱ። ስለዚህ፦

• መጸዳጃ ቤት ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ።
• የጉድጓዱን አፍ ይክደኑ፤ ዙሪያውን ያጥሩ።
• የሕፃናትን ዓይነ ምድር መጸዳጃ ቤት ውስጥ ይድፉ።
• ውሃውን አፍልተው ወይም በማከሚያ ክሎሪን አክመው ይጠጡ፤ ንጹሕ ክዳን ባለው ጀሪካን ያስቀምጡ።
• ከቤተሰብዎ አንዱን ውሃ የመሰለ ተቅማጥ ከያዘው፣ ኦ አር ኤስ እየሰጡ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት።