ኢሺ፤ የገደሉ ቀስተኛ

ስሙን ስታነቡ የእኛው እሺ እንዳይመስላችሁ። ኢሺ በያና ሕዝብ ቋንቋ ሰው ማለት ነው። ያውም እውነተኛ ስሙ አይደለም። በወገኖቹ ልማድ ሰው የገዛ ስሙን ለባዕድ አይናገርም፤ ስሙን የሚጠራለት ዘመድ ደግሞ አንድም አልቀረለትም። ስለዚህ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲው የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ አልፍሬድ ክሮበር ሰው ብሎ ጠራው፤ በዚያው ቀረ።

ስለ ኢሺ የተጻፈው ብዙው ከሕዝቡ የመጨረሻው ሰው መሆኑን የሚያወሳ ነው። እኔን ግን ከሁሉ በላይ የሚስበኝ እጁ ነው። ሰውየው ቀስተኛ ነበር፤ ያውም የሜዳ ሳይሆን የገደል ቀስተኛ።

በ1860 አካባቢ እንደተወለደ ይገመታል (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። አገሩ ሰሜን ካሊፎርኒያ፣ ሚል ክሪክና ዲር ክሪክ የሚባሉት ወንዞች የቆፈሯቸው ጥልቅ ሸለቆዎች ናቸው። ወርቅ ፍለጋ የጎረፈው ሰፋሪ መሬቱን ያዘ፤ የኢሺን ወገኖች ያሂዎችንም በ1860ዎቹ በጠመንጃ ጨረሳቸው። የተረፉት ጥቂቶች ገደሉ ውስጥ ገብተው ለአርባ ዓመት ያህል ተደበቁ። ኢሺ ጎልማሳ የሆነው በዚያ ነው። በድንጋይ ላይ እየረገጡ ዱካቸውን ያጠፉ ነበር፤ ወደ ወንዙም ከገደሉ አፋፍ በገመድ ይወርዱ ነበር። ጠመንጃ ይጮኻል፤ ጩኸቱም ሰው ይጠራል። ቀስት ግን ድምፅ የለውም። እንግዲህ የእነዚህ ሰዎች እራትም ሕይወትም በቀስት ላይ የተንጠለጠለ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም።

ታዲያ ተዳፋት ላይ ቀስት መወርወር ምን የተለየ ነገር አለው? ነገሩ ወዲህ ነው። ፍላጻ ከቀስቱ ከወጣበት ቅጽበት ጀምሮ መሬት ትስበዋለች። ቀስተኛም ይህን ስለሚያውቅ እንደ ርቀቱ ከፍ አድርጎ ያነጣጥራል። ሜዳ ላይ ሒሳቡ ቀላል ነው። ተዳፋት ላይ ግን ዓይን የሚለካው የተዳፋቱን ርዝመት ሲሆን፣ ለማነጣጠር የሚያስፈልገው አግድሙ ርቀት ነው። 45 ዲግሪ ባጋደለ ቦታ 40 ሜትር ርቆ የሚታይ አጋዘን በአግድም ሲለካ 28 ሜትር ላይ ነው ያለው። አዳኙ 40 ብሎ ካነጣጠረ ፍላጻው ከአጋዘኑ ጀርባ በላይ ያልፋል። ደግሞ ሽቅብም ሆነ ቁልቁል ያው ነው! ብዙ ሰው ሽቅብ ሲወረውር ፍላጻው የሚያጥር ይመስለዋል፤ ግን በሁለቱም አቅጣጫ ከፍ ብሎ ነው የሚሄደው። ከአፋፍ ላይ ቁልቁል ወንጭፍ ወንጭፎ የሚያውቅ እረኛ ግማሹን ሳይነገረው ያውቀዋል፤ ድንጋዩ ከዝንጀሮው አልፎ ነው የሚያርፈው።

ዛሬ ርቀቱንና ዘንበሉን ባንድ ጊዜ ለክቶ ሒሳቡን የሚሠራ መሣሪያ ይሸጣል። ኢሺ ያንን አያውቅም። የእሱ መላ ሌላ ነበር፤ መቅረብ። አብዛኛውን ጊዜ የሚያድነው ከ10 እስከ 20 ያርድ ባለው ርቀት፣ ማለትም ከ9 እስከ 18 ሜትር ሆኖ ነው።

ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። የተዳፋቱ ስህተት ከርቀቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ስህተቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በሰከንድ 40 ሜትር የምትበር ፍላጻ እንውሰድ። በዚያው 45 ዲግሪ ተዳፋት ላይ 40 ሜትር ላይ ላለ አጋዘን ዘንበሉን የረሳ ሰው 1 ሜትር ከ40 ያህል ከፍ ብሎ ይስታል። 15 ሜትር ላይ ቢሆን ግን ስህተቱ ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ያኔ የለመደ ዓይን ያስተካክለዋል።

ለመቅረብ ግን ዋጋ መክፈል አለ። ኢሺ ለአደን ሲነሣ ዋዜማውን ዓሣ አይበላም፣ ትንባሆ አያጨስም፤ ጠዋት ወንዝ ወርዶ ይታጠብና ሽታ ባለው ቅጠል ገላውን ያሻል። ነፋሱን ፊት ለፊት አድርጎ ይሄዳል። ጣቶቹን ከንፈሩ ላይ አድርጎ በመሳም ድምፅ ጥንቸል ይጠራል፤ በታጠፈ ቅጠል የግልገል ድምፅ አስመስሎ አጋዘን ያስመጣል። ከዚያ ተንበርክኮ ወይም ቁጢጥ ብሎ ይገትራል።

አቋም ካነሣን አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ቆሞ ቁልቁል የሚወረውር ሰው እጁን ብቻ ዝቅ ካደረገ ትከሻውና ክርኑ ይዛነፋሉ፤ ጅማቱን የሚስብበት ርዝመትም ይለወጣል። የዛሬ አሠልጣኞች መጀመሪያ እንደ ሜዳ ገትር፣ ከዚያ ከወገብህ ተጠምዘዝ የሚሉት ለዚህ ነው። ከላይ የሚወርድ ፍላጻ ደግሞ በጀርባ በኩል ገብቶ በሆድ በኩል ስለሚወጣ፣ መግቢያውን ብቻ ሳይሆን መውጫውንም ማሰብ ያስፈልጋል። አለዚያ አውሬው ቆስሎ ይሄዳል፤ በገደል ውስጥ የቆሰለ አውሬ መከተል ደግሞ ምን ማለት እንደሆነ ደገኛ ሁሉ ያውቀዋል።

በ1908 ቀያሾች የመጨረሻዎቹን የያሂ መጠለያዎች አገኙ። በዚያ አራት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ የታመመች እናቱ መሸሽ አልቻለችም። ቀያሾቹ እሷን ባይነኩም ቀስቱን፣ ፍላጻውን፣ ቅርጫቱን ሳይቀር ለመታሰቢያ ብለው ወሰዱት። በገደል ለሚኖር ሰው ይህ ከዝርፊያ በላይ ነው። ከዚያ በኋላ ሁሉም አልቀው ኢሺ ብቻውን ቀረ። ነሐሴ 29 ቀን 1911 በኦሮቪል ከተማ አጠገብ በሚገኝ ቄራ በረሃብ ተሟጦ ተገኘ።

ክሮበርና ባልደረባው ዋተርማን ሳን ፍራንሲስኮ ወደሚገኘው የዩኒቨርሲቲው ሙዚየም ወሰዱት። ጎረቤቱ የሕክምና ትምህርት ቤት ነው፤ ከዚያም ሳክስተን ፖፕ የሚባል የቀዶ ሕክምና ሐኪም መጣና ተማሪው ሆነ። አዎ፣ ሐኪሙ ተማሪ፣ ኢሺ አስተማሪ። የተራራ ጥድ ጠርቦ በጅማት የሚያጠናክረውን ቀስት፣ ከባልጩትና ከጠርሙስ ስባሪ የሚያወጣውን ጫፍ አሳየው። ቀስቱ ከአንድ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ለመገተር 20 ኪሎ ያህል ጉልበት ይጠይቃል። ፖፕና ጓደኞቹ ባለቀለም ትልቅ ኢላማ ላይ በሩቅ ሲወዳደሩ ኢሺን ይበልጡት ነበር። ድርጭት የምታህል ትንሽ ነገር በቅርብ ሲቀመጥለት ግን ይመታል። እኔ ይህን ድክመት አልለውም፤ ሰውየው የሠለጠነው ለእራቱ ነበር።

በግንቦት 1914 ክሮበር፣ ዋተርማን፣ ፖፕና የፖፕ ልጅ ኢሺን ይዘው ወደ ዲር ክሪክ ተመለሱ። መጀመሪያ መሄድ አልፈለገም፤ የሞቱበት አገር ነዋ! ሲደርስ ግን በወንዙ ዋኘ፣ መንደሮቹን አሳየ፣ የየቦታውን ስም አስመዘገበ።

መጋቢት 25 ቀን 1916 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። ክሮበር በወቅቱ ኒው ዮርክ ስለነበር አስከሬኑ እንዳይከፈት በደብዳቤ ቢለምንም፣ ደብዳቤው ዘገየ፤ ተከፈተ። አንጎሉ ዋሽንግተን ወዳለው የስሚዝሶኒያን ተቋም ተላከ። የቀረው ከቀስቱና ከአምስት ፍላጻዎች ጋር ተቃጥሎ አመዱ ተቀመጠ። ፖፕ የተማረውን በ1923 በመጽሐፍ አሳተመ፤ የዛሬው አሜሪካዊ የቀስት አደን ታዋቂ ማኅበርም ስሙን የወሰደው ከእሱና ከአደን ጓደኛው ከአርተር ያንግ ነው። የመምህሩ ስም የለበትም።

በ2000 አንጎሉ ለቅርብ ዘመዶቹ ነገዶች ተመለሰ፤ ከአመዱም ጋር በአገሩ ተቀበረ። የትኛው ገደል ሥር እንደሆነ ለሕዝብ አልተነገረም።