አልፍሬድ ኢልግና የድሬዳዋ ማነቆ

አልፍሬድ ኢልግ በ1854 (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በስዊዘርላንድ፣ በፍራውንፌልድ ከተማ ተወለዱ። በዙሪክ ፖሊቴክኒክ ምሕንድስና አጠኑ። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ የእጅ ሙያ የሚያውቅ አውሮፓዊ ይሹ ስለ ነበር፣ ኢልግ በ1879 አንኮበር ገቡ። በመጀመሪያ የታዘዙት ጫማ እንዲሰፉ ነበር ይባላል። ከዚያ በኋላ በአዋሽ ላይ ድልድይ ዘረጉ፤ ለአዲስ አበባው ቤተ መንግሥትም ውሃ በቧንቧ አስገቡ።

በሥራቸው ሁሉ ግን አንድ ችግር አልተለያቸውም። ከአውሮፓ የሚመጣ ዕቃ እስከ ባሕሩ ጠረፍ በመርከብ ይደርሳል፤ ከዚያ ወዲህ በግመልና በበቅሎ አቅም ይወሰናል። አንድ ግመል የማይሸከመው ብረት በቁርጥራጭ ካልሆነ በቀር ሸዋ አይገባም ነበር። በዛሬው የኤሌክትሮኒክስ ቺፕ ፋብሪካ እንኳ፣ የሥራው ደረጃ በመቶ ቢቆጠርም፣ የምርቱን መጠን የሚወስነው ብዙ ወረፋ የሚጠብቅበት አንዱ መሣሪያ ነው። ሌሎቹን ማፋጠን ክምችት ከማብዛት በቀር ፋይዳ የለውም። የኢልግ ማነቆ ግመሉ ነበር።

በ1894 ዐፄ ምኒልክ ከጅቡቲ ወደ ሐረር፣ ከዚያ ወደ እንጦጦ፣ በመጨረሻም ወደ ከፋና ነጭ ዓባይ ለሚዘልቅ የባቡር ሐዲድ የ99 ዓመት ፈቃድ ለኢልግ ሰጡ። ከፈረንሳዊው ነጋዴ ከሌዎን ሼፍኔ ጋር በ1896 ኩባንያ አቋቋሙ፤ ሥራውም በ1897 ተጀመረ። የሐረርን ተራራ መውጣት ከፍ ያለ ወጪ የሚጠይቅ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ ሐዲዱ ከከተማይቱ 50 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው ቆላ እንዲያልፍ ተደረገ። ባቡሩ በ1902 መጨረሻ የደረሰበት ይህ ሜዳ መጀመሪያ አዲስ ሐረር፣ ኋላ ድሬዳዋ ተባለ። ዛሬ ታይዋን በሚባለው ገበያ ስልክ የሚገዛ ሰው ባያስበውም፣ ከተማይቱ የተወለደችው ዕቃ ከባቡር ወርዶ በእንስሳ ጀርባ ስለሚጫንባት ነው።

ማነቆው ተዛወረ እንጂ አልተፈታም። 310 ኪሎ ሜትር ያህሉን ባቡር ሸፈነው፤ ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ ግን ጭነቱ እንደ ቀድሞው በሲራራ ይጓዝ ጀመር። ሐዲዱን ያቆመውም የመሬቱ አቀማመጥ አልነበረም። የኩባንያው ገንዘብ ተሟጠጠ፤ የእንግሊዝ ገንዘብ ሲገባም፣ የፈረንሳይ መንግሥት በ1902 ንጉሠ ነገሥቱን ሳያማክር ከኩባንያው ጋር ተዋዋለ። ዐፄ ምኒልክ የባዕድ ሥልጣን በሐዲድ ተከትሎ እንዳይገባ ሠግተው ሥራው እንዲቀጥል አልፈቀዱም። ሊወቀሱበት አይገባም፤ በ1906 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ በኢትዮጵያ ስላላቸው ጥቅም እርስ በርሳቸው ሲዋዋሉ ሥጋታቸው ከንቱ እንዳልነበረ ታይቷል። ይልቁንስ ኢልግ፣ በድልድዩና በቧንቧው ያሳዩትን ጥንቃቄ በገንዘቡ ምንጭ ላይ ለምን እንዳላሳዩ ቢጠየቁ ተገቢ ነው። ከ1897 ጀምሮ የንጉሠ ነገሥቱ የመንግሥት አማካሪ ነበሩና፣ ከሁለቱ ወገን የሚመጣውን ከእርሳቸው ይበልጥ ቀድሞ ሊያይ የሚችል አልነበረም።

በ1907 ኩባንያው ከሠረ፤ ኢልግም በዚያው ዓመት ሥራቸውን ለቀቁ። በ1916፣ በጥር ወር መጀመሪያ፣ ዙሪክ ላይ ዐረፉ። በ1908 የተቋቋመው አዲስ ኩባንያ የቀጠለው ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው።